ገጥሜ ያስነሣኋቸው ማሽኖች

የጡረታ ደብዳቤዬ የወጣ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ዕቃዬን ቆጥሮ ተረከበኝ። ካቻቢቴ አምስት፣ ፒንሳ ሁለት፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ፣ የአቧራ ብሩሽ ሦስት። ፈርሜ ስጨርስ ቀና ብሎ፣ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ሲበላሽ ማንን እንደሚጠሩ ጠየቀኝ። አሁን የሚመጡት ላፕቶፖች እምብዛም እንደማይፈቱ፣ እምቢ ያለው ተጥሎ ሌላ እንደሚተካ ነገርኩት። እሱ እንደ ቀልድ ወስዶት ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ኮምፒውተርን ከባዶ ሳጥን ጀምሮ አካል በአካል ገጥሞ ማስነሣት፣ አልነሣም ሲልም የት ላይ እንዳመመው ፈልጎ ማግኘት፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች የኔ ሥራ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ፤ በደንብም ሠርቼዋለሁ። ይህን ስል አላፍርም። የተበላሸብኝንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤት የገባሁት በጽሕፈት መኪና ነው። መሐል ሜዳ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ጣቴ ፈጣን ነበር፤ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ እኔ መስመሩን ጨርሼ እጠብቀዋለሁ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ ለኔ የተሰጠው ስለማውቅበት አልነበረም። ሌሎቹ ስለፈሩት ነው። የዚያን ጊዜ ኃላፊያችን ማሽኑን እንደ ታቦት አከበሩት። በጥልፍ ጨርቅ አስጌጠው ሸፈኑት፤ እኔ ስጽፍበት እንኳ ከፊቱ ብቻ እንጂ ከላይ እንዳይገለጥ ከለከሉ። ጨርቁ የአየር መውጫውን እንደደፈነው ያወቅነው ማሽኑ በግማሽ ዓመቱ ሞቆ ሞቆ ዝም ካለ በኋላ ነው።

ጋሽ ግርማቸውን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን የተላኩ የጥገና ባለሙያ ነበሩ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከነካፖርታቸው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ከአውቶቡስ ወርደው ሲመጡ ሁላችንም ወዲያው ፈትተው የሚያሳዩን መስሎን ከበብናቸው። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኃላፊው ማሽኑ እንደሞተ ነገሯቸው። ጋሽ ግርማቸው አመስግነው፣ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ወደ እኔ ተጠቆመ።

«ከመሞቱ በፊት ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

ምን አየሽ አላሉኝም። ትንሽ አሰብኩና፣ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የማራገቢያው ድምፅ ወፍሮ ቅል ውስጥ እንደገባ ንብ ይል እንደነበር፣ ባለቀበት ቀን ደግሞ ድምፁ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ረጅም ጢጥታ እንዳሰማ ነገርኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ አጠገባቸው እንድቀመጥ አዘዙኝና ክዳኑን ከፈቱ። ማራገቢያው በጨርቁ ክርና በአቧራ ታንቆ ነበር። ጠርገው፣ ዘይት ጠብ አድርገው አስነሡት። ሲሄዱ ለኃላፊው፣ ይቺን ልጅ ለሥልጠና ላኩልኝ፣ ማሽን የሚሰማ ሰው አላገኘሁም አሏቸው። ታይፒስት ለጥገና ሥልጠና አይላክም በሚል ነገሩ ተጓትቶ፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የተፈቀደልኝ። ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን የተማርኩት ብዙውን ከእጃቸው ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ ሲጀምሩ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ የወደቀ ብሎን እንዲታይ። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ይለያሉ። ምንም ከመንካታቸው በፊት የሳጥኑን ብረት በባዶ እጃቸው ይዳስሳሉ፤ የሰው ገላ ለራሱ የማይታወቀው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ፣ እሱን ብረቱ ላይ ለማራገፍ ነው።

ማሽን አልነሣም ካለ ደግሞ አይገምቱም። ሁሉንም ያወጡና ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሌሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰፊ ሰሌዳ፣ በካርቶን ላይ ያስተኙታል። ከዚያ የማሽኑ አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰር ከነማራገቢያው፣ ራም የሚባለውን አንድ የማስታወሻ ሰሌዳና ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ብቻ ያገናኛሉ። ይህ ከተነሣ ያጠፉና አንድ ዕቃ ይጨምራሉ። ያበራሉ። ደግመው ያጠፉና ሌላ አንድ። ያመመው ሲጨመር ማሽኑ ራሱ ይናገራል ይላሉ።

አንድ ቀን ቸኩዬ ራሙንና የዲስኩን ገመድ በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። ማሽኑ ተነሣ። ደስ ብሎኝ ጠራኋቸው። መጥተው አዩና የቱ እንዳዳነው ጠየቁኝ። ሁለቱንም አሮጌ ዕቃ መልሼ እንድገጥምና ማሽኑን እንደገና እንዳሳምመው አደረጉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ስሞክር ጥፋቱ የገመዱ ሆነ። «ደህናውን ራም ጥለሽው ነበር» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጬ አላውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ እኛ ሠልጣኞቹ በጎን የምንጠቃቀስበት። ገጥመው ሲጨርሱ፣ ሶኬቱን ከመሰካታቸው በፊት፣ ሌባ ጣታቸውን በማሽኑ ላይ ያዞራሉ። ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ የኃይሉን መጠን የምትመርጥ ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለች፤ መጀመሪያ እሷን። ቀጥሎ ሰሌዳውን ከሳጥኑ ብረት የሚያርቁትን የነሐስ እግሮች። ቀጥሎ ሁለቱን የኃይል ገመዶች፣ ትልቁንና ብዙ ሰው የሚረሳውን ትንሹን። መጨረሻ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ። ከንፈራቸው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ይንቀሳቀሳል። ትናንት ራሳቸው የገጠሙትን ማሽን እንኳ ዛሬ ሲሰኩት እንዲሁ ያደርጋሉ።

ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ሥራው ይጠብቀኝ ነበር። ለትምህርት ቤቶችና ለቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች የሚሆኑ ማሽኖች ዕቃቸው በየሣጥኑ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ እዚሁ ይገጠማሉ ተብሎ። የሚገጥም ሰው ግን አልተመደበም። እኔ ሆንኩ። ከታይፒስትነት ወደ ጥገና የተዛወርኩበት ደብዳቤ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር።

ስሜን ያወጣልኝ ራቤል ከተማ የሠራሁት ሥራ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አምስት ማሽን ገጥሜ አራቱ ተነሡ። አምስተኛው ሲበራ ማራገቢያው ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል፤ ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ይቆማል። ርእሰ መምህሩ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ብልሹ ዕቃ ነው የመጣልን ብለው የመመለሻ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመሩ። ትንሽ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። ሰሌዳውን ከሳጥኑ አውጥቼ በካርቶን ላይ አስተኝቼ ሳበራው እንደ ጤነኛ ተነሣ። መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ስገጥመው እንደገና ታመመ። ውጭ ሲሆን ደህና፣ ውስጥ ሲሆን በሽተኛ ከሆነ፣ ነገሩ ከሰሌዳው ሳይሆን ከሳጥኑ ነው። ሳጥኑን ባዶ አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው፣ የሰሌዳው ቀዳዳ በማይደርስበት ቦታ ላይ አንድ ትርፍ የነሐስ እግር ቆሟል። ሰሌዳው ከላይ ሲቀመጥ ጀርባውን እየነካ ኤሌክትሪኩን ያገናኘው ነበር። ፈትቼ አወጣሁት፤ ማሽኑ ተነሣ። ርእሰ መምህሩ ያረቀቁትን ደብዳቤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አምስተኛውን ማሽን ለራሳቸው ቢሮ መረጡት።

ደጋው ራሱ የራሱ በሽታ አለው፤ ያንን ደብረ ብርሃን ማንም አላስተማረኝም። ወደ ጓሳ ጫፍ ያለ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ማሽኑ ራም እየበላ አስቸገረኝ አለኝ። አዲስ እልክለታለሁ፤ ደርሶ ሲገጠም ሞቶ ይገኛል። ሁለተኛው ሲሞት ሦስተኛውን ራሴ ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። መኪናው መጨረሻ ከደረሰበት ድረስ ጸሐፊው ፈረስ ይዞ ሊቀበለኝ ወጣ። ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ ብርድ እንዳያገኘው በባና፣ በበግ ፀጉር ብርድ ልብሱ፣ ሊጠቀልለው ባናውን ሲዘረጋ፣ ሱፉ ቸር ቸር ሲል ሰማሁ፤ የእጄም ፀጉር ቆመ። የበጋ ደረቅ አየር፣ የበግ ፀጉርና የፈረስ ግልቢያ። ያ ሁሉ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ራሙ ላይ ነበር የሚያርፈው። ባናውን ባለቤቱ ፈትላ ያሸመነችው ስለነበር ለመንገር ቃል መረጥኩ። እሱም ቅር ሳይለው አልቀረም። ራሙን ግን በመጣበት ከረጢት እንዳለ በካርቶን አድርገን ወሰድነው፤ ባናውን እኔ ለበስኩት። ማሽኑ ተነሣ።

መርሐቤቴ ውስጥ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የሚታመም ማሽን ነበር። ሌላ ቀን ደህና ይሠራል፤ ሐሙስ ሲሆን በየመሐሉ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ከኔ በፊት የሄደ ባለሙያ ቫይረስ ነው ብሎ ዲስኩን ጠርጎታል። ሌሎች ጸበል ይረጭ እስከ ማለት ደርሰዋል። ሐሙስ ጠብቄ ሄድኩና ማሽኑን ሳልነካ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ ከጓሮ ወፍጮ ሲነሣ ሰማሁ፤ አምፖሉ ፈዘዝ አለ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ገበያተኛው እህሉን የሚያስፈጨው ያን ቀን ነው። ወፍጮው ሲነሣ ኃይሉ ይወርዳል፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ያን መሸከም አልቻለም። ኃይሉን እኩል አድርጎ የሚያደርስ ስታብላይዘር አስገባንና ማሽኑ ዳነ። የቢሮው ሰዎች መልሱ እንዲህ ቀላል መሆኑ ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በራሴ ተማመንኩ። መተማመኑ ተገቢ ነበር። ግን አንድ ቀን ከልኩ አለፈ።

በዚያን ቀን ነገር የተበደሉት ሰው አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። በዕድሜ ጠና ያሉ የገጠር መሬት ሠራተኛ ነበሩ። የጓሳ የጋራ ሣር ለቤት ክዳንና ለግጦሽ የሚከፈተው በአባቶች ደንብ ነው፤ ከየአጥቢያው የትኛው ቤተሰብ መብት እንዳለውና ድንበሩ የት እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ወንድይፍራው አጥቢያ ለአጥቢያ እየዞሩ፣ ያንን ሁሉ ከሽማግሌዎቹና ከአሮጊቶቹ አፍ በዘጠኝ ደብተር ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን በሁለት ጣት እየለቀሙ ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ማሽናቸው እያረጀ ራሱን ማጥፋት ሲጀምር፣ አዲስ ገጥሜ ጽሑፉ ሁሉ ያለበትን አሮጌውን ዲስክ እንዳዛውርላቸው ተጠራሁ።

ያን ሳምንት ሁለት ከባድ ማሽን አድኜ ነው የሄድኩት። ሾፌሩ ጉም መንገዱን ሳይዘጋው እንመለስ ብሎ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። የቢሮው ኃላፊ ከጀርባዬ ቆመው ያዩኛል። እኔም ፍጥነቴን ላሳይ ፈለግሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጠምኩት። የዲስኩ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም። ጣቴን አላዞርኩም፤ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም። ሶኬቱን ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

እንደ ጅራፍ ጮኸ። ከጀርባው ቀጭን ጭስ ወጣና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ማሽኑን አዙሬ ሳይ ቀይዋ መቀያየሪያ ከትንሹ ቁጥር ላይ ናት። የኛ አገር መብራት የዚያን እጥፍ ያህል ነው። ሳጥኑን ከከፈትኩበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ለማየት አንድ ጊዜ ማጎንበስ ይበቃኝ ነበር።

ዲስኩን በሌላ ማሽን ሞከርኩት፤ አልዞረም። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ይዤው ወረድኩ። ጋሽ ግርማቸው ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ኃይል ሰጥተው እንደገና አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ቀይዋን አየሻት?»

«አላየኋትም።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዲስኩን በወረቀት ጠቅልለው መለሱልኝና፣ «ሂጂ፣ ራስሽ ንገሪያቸው። በደብዳቤ አይሆንም» አሉኝ።

አቶ ወንድይፍራውን ያገኘኋቸው ከቢሮው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው። መብራት ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ መብራት በኛ አገር ለብዙ ነገር ይበቃል። ያንን አላልኩም። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ማየት የነበረብኝን ሳላይ እንደሰካሁት፣ ከዲስኩም ምንም እንደማይገኝ ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ኮምፒውተሩ ምንም ሳያነሡ፣ ደብተሮቹን የት እንዳደረጓቸው ለራሳቸው ማስታወስ ጀመሩ። ስድስቱ ቤታቸው ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ሦስቱ ለቢሮ ተሰጥተው በአንድ የቢሮ ለውጥ ጊዜ ጠፍተዋል።

ስድስቱን እኔ ጻፍኳቸው። በየቅዳሜው እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከሚነበበው በቀር አንድ ቃል አንነጋገርም ነበር። በኋላ በኋላ እሳቸው ስለየሽማግሌው ጠባይ ማጫወት ጀመሩ፤ ይህ ሰው ሲናገር እጁን በጉልበቱ ላይ ይመታል፣ ይህቺ ደግሞ ድንበር የምትቆጥረው በእረኝነቷ ጊዜ ጎርፍ ባሻገራት ወንዝ ነው እያሉ። የጠፉትን የሦስቱን ደብተር አጥቢያዎች አብረን ዞርን፤ በእግርም በፈረስም። ሰዎቹ የነገሩንን ዳግም ነገሩን። ብዙዎቹ ሳይሰለቹ ነገሩን። በአንዱ አጥቢያ ግን የላይኛውን ድንበር በትክክል የሚያውቁት አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ እሳቸው በመካከሉ አርፈዋል። አቶ ወንድይፍራው ከአፋቸው የጻፉት ከጠፉት ደብተሮች በአንዱ ነበር፤ ቅጂው ደግሞ እኔ ያቃጠልኩት ዲስክ ውስጥ። ሁለት ጎረቤት ቤተሰቦች በዚያ ድንበር ላይ ተከራከሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መሐሉን ከፈሉት። አንደኛው ቤተሰብ ግን የእማሆይ ቃል ቢኖር ለኛ ነበር ብሎ ያምናል። የዚያ ቤት ሰዎች እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጭር ነው። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ጣቴን ሳላዞር የሰካሁት ማሽን የለም። ቅጂው ሦስት ቦታ መኖሩን ሳላረጋግጥ የነካሁት ዲስክም የለም። ኃላፊ ሲያጣድፈኝ፣ እኔ እስክጨርስ ውጭ ይጠብቁኝ እላለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጡ ነበር፤ አንድ ኃላፊ እንዲያውም እንደ ድፍረት ቆጥሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎብኛል። ያስጠነቀቀኝ ሰው ግን ማሽኑ ሲጠፋበት የሚያስጠራው እኔኑ ነበር። ለእርሻ፣ ለፍርድ፣ ለጤና ሥራ የዋሉ ስንት ማሽኖች እንደገጠምኩ አልቆጠርኩም። ከነሱ ውስጥ በኔ እጅ የተቃጠለ ሌላ የለም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ጋሽ ግርማቸው ደወሉልኝ። እሳቸው ቀድመው ጡረታ ወጥተው መሐል ሜዳ ገብተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ይዞት በቀዶ ጥገና አንዱ ብቻ ትንሽ ተርፎላቸዋል። ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ሲያስጠግናቸው ኖሮ እሳቸው የራሳቸው የሚሉት አንድም ማሽን ኖሯቸው አያውቅም። ደብረ ብርሃን የምታስተምር ልጃቸው ልግዛልዎት ስትላቸው፣ የተገጠመ አልፈልግም፣ ዕቃውን በየሣጥኑ አምጪልኝ አሏት። አመጣችላቸው።

«ነይ፤ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ» አሉኝ በስልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው፣ ሦስት ቀን ምግብ በአግባቡ አልበሉም ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ማሽኑ ተገጥሟል። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ድምፁም ጤነኛ ነው። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጋሽ ግርማቸው ራሙን አውጥተው መልሰዋል፤ ሁሉን አፍርሰው በካርቶን ላይ ከትንሹ ጀምረው ሠርተዋል፤ ስክሪኑ ግን አልበራም።

እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ አየሁት። ልጃቸው ከዕቃው ጋር ምስል የሚያወጣ ለብቻው የሆነ ካርድ አምጥታለች፤ ፕሮሰሰሩ ያለ እሱ ምስል አያወጣም። የስክሪኑ ገመድ ግን የተሰካው ከላይ፣ ከሰሌዳው ጋር ካለው ቀዳዳ ነው። የካርዱ ቀዳዳ ከሥሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ባዶውን አለ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ጣታቸው በዳሰሳ መጀመሪያ ያገኘው የላይኛውን ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ ወደ ታች አልደረሰም። ይህን ስሕተት ለሠልጣኝ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ።

ተቀመጥኩ። ያስተማሩኝን ሰው በቤታቸው፣ በባለቤታቸው ፊት ማረም ከበደኝ። ራሳቸው እንዲያገኙት ፈለግሁ። እሳቸው ራሙን እንደገና አወጡ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መለሱ። ብሎን ወድቆባቸው እጃቸው ጠረጴዛውን ሲዳብስ ዝም ብዬ አነሣሁላቸው። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ አለፈ። እኔም በየደቂቃው ልናገር እልና እተወዋለሁ።

በመጨረሻ ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«አይተሽዋል» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«በሩ ላይ ቆሜ።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው ቆሙ።

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?»

እርስዎን ማረም ድፍረት መስሎኝ ነው አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«እጅሽን አጣጥፊ አልኩሽ እንጂ አፍሽን ዝጊ አላልኩሽም። እኔ ሐኪም ጠራሁ እንጂ አስታማሚ አልጠራሁም።»

አፈርኩ። ከዚያ ለሥራ ባልደረባ እንደሚነገር አድርጌ ነገርኳቸው። የስክሪኑ ገመድ ከሰሌዳው ላይ ነው፣ የካርዱ ቀዳዳ ከሥሩ ነው አልኩ። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። እጃቸውን ወደ ጀርባ ሰደዱ። ገመዱን አገኙ፤ ነቀሉት። ጣታቸው ብረቱን ይዞ ቀስ እያለ ወረደ፤ የታችኛውን ቀዳዳ ሲያገኝ ቆመ። አገላብጠው ሰኩት። ማብሪያውን ተጫኑ።

ስክሪኑ በራ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ፊደሉ ግን እንደማይታያቸው ገባኝ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። የማስታወሻውን መጠን፣ የዲስኩን ስም፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሙቀቱ ላይ ስደርስ ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ። መልካም ነው አሉ። ባለቤታቸው ሳቁና ምሳ ለማቅረብ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ከዚያ ጋሽ ግርማቸው የሳጥኑን ክዳን ከግድግዳው ሥር አንሥተው ሰጡኝ። ራሳቸው የገጠሙትን ማሽን ሌላ ሰው እንዲከድነው ሲሰጡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሳለን ክዳኑን የሚዘጋው የገጠመው ሰው ነው ይሉ ነበርና ማንንም አያስነኩም። እርግጠኛ ሆኜ ልጠይቃቸው ቀና ስል ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ክዳኑን በቦታው አስገብቼ አራቱን ብሎኖች አጠበቅኋቸው።